የደሴ ፀሐይ ስንት ሰዓት ነው?

የውይይቱን ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ደሴ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። የወሎ ልጆች የምንወያይበት መድረክ ላይ ማታ አንድ ጥያቄ ለጥፌ ተኛሁ። ጠዋት ስነቃ መልሱ ተደርድሮ ጠበቀኝ። ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት አላቋረጠም። አሁን አዲስ የሚገባ ሰው ከየት እንደሚጀምር ግራ ይገባዋል። ስለዚህ የተባለውን በመልሶቹ ቁጥር እየተከተልኩ እተርካለሁ። አንዳንዱን በሰፊው፣ አንዳንዱን በአንድ መስመር። ሰላምታ ብቻ የሆኑትን ዘልያቸዋለሁ።

የመክፈቻው ጽሑፍ

ለተማሪዎቼ የቤት ሥራ ሰጥቼ ነበር። ሁለት የወሎ ከተሞች መርጠው በየወሩ ስንት ሰዓት ፀሐይ እንደሚያገኙ እንዲያወዳድሩ ነው። አብዛኞቹ ደሴንና ኮምቦልቻን መረጡ። ቁጥሩን ከኢንተርኔት አወረዱ። አንዱ ገጽ ለሁለቱ ከተሞች ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር አንድ ዓይነት ቁጥር ሰጥቷል። ሌላው ገጽ ደግሞ ደሴ በዲሴምበር 372 ሰዓት ፀሐይ አላት ይላል። የሁለቱ ገጾች ቁጥር ጭራሽ አይገናኝም።

አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። ደሴ ጉም ለብሳ የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ኮምቦልቻ ብራ ሆኖ ይጠብቀናል፤ ጃኬታችንን መኪና ውስጥ እናወልቃለን፤ ታዲያ ፀሐያቸው እንዴት እኩል ሆነ አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ይህን ያህል ዓመት ሳስተምር ራሴን ጠይቄው የማላውቀው ነገር ነው። ጥያቄዋን ይዤ መድረኩ ላይ ወጣሁ። ማን ለካው? በምን ለካው? እንመነው ወይ?

መልሶቹ

1ኛው መልስ ከኮምቦልቻ መጣ። ጸሐፊው ነገሩ ለክርክር እንደማይቀርብ ቆርጦ ነገረኝ። ኮምቦልቻ በ1,850 ሜትር አካባቢ ናት፣ ደሴ በ2,500 ሜትር አካባቢ። ወደ ታች ወርዶ የሞቀው ሰው ፀሐይ እንደበዛለት ለማወቅ ሠንጠረዥ አያስፈልገውም ባይ ነው።

2ኛው ደሴ ውስጥ የሆጤ ሰፈር ልጅ ነው። በትሕትና ጀምሮ ከረር ብሎ ጨረሰ። ሙቀትና የፀሐይ ሰዓት ለየቅል መሆናቸውን አስረዳ። ከፍታ በ1,000 ሜትር በቀነሰ ቁጥር አየሩ በግምት 6 ዲግሪ ይሞቃል። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ወደ 650 ሜትር ልዩነት አለ። ስለዚህ ሁለቱም ከተሞች ቀኑን ሙሉ ብራ ቢውሉ እንኳ ኮምቦልቻ በ4 ዲግሪ ገደማ ትሞቃለች። ጃኬት ማውለቅ ስለ ከፍታ እንጂ ስለ ፀሐይ ሰዓት ምስክር አይሆንም። የኮምቦልቻ ሰው ላቡን እየጠረገ ፀሐይ አለኝ ማለቱን እንዲተው ሲመክር ግን ትንሽ አበዛው።

በክሩ የመጀመሪያው ትክክለኛ ነገር ይኸ ነበር። የተማሪዬ ጥያቄ ግማሹ ወደቀ። የጉሙ ግማሽ ግን ቆሞ ቀረ።

4ኛው መልስ አጭር ነው፤ 372ን ፈታው። 31 ቀን በ12 ሰዓት ሲባዛ 372 ይመጣል። ገጹ ፀሐይ አልቆጠረም፤ ቀኑን ነው የቆጠረው። ከንጋት እስከ ምሽት ያለውን ሰዓት በድፍኑ 12 አድርጎ በወሩ ቀናት አባዝቶታል። ጸሐፊው በዚህ አላቆመም። ደሴ ከምድር ወገብ በሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ናት። በታኅሣሥ አጋማሽ ቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በዲሴምበር አንድም ዳመና ባይታይ እንኳ ጠቅላላው ከ357 ሰዓት ብዙ አያልፍም። በጁን ቀኑ 12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ስለሚደርስ ጣሪያው ወደ 382 ነው። ከወሩ ጣሪያ በላይ የተጻፈ ቁጥር ሁሉ፣ የየትኛውም የወሎ ከተማ ይሁን፣ ሌላ ምርመራ ሳያስፈልገው ይጣላል። ይህን ስሌት በማግሥቱ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት። ተማሪዎቹ ከየስልካቸው ሠንጠረዥ እያወጡ መፈተን ያዙ። ክፍሉ እንደዚያ ቀን ሞቆ አያውቅም።

5ኛው ቃሉ ራሱ ይፈታ አለ። የፀሐይ ሰዓት ማለት ምን ማለት ነው? ፀሐይ በስስ ዳመና ውስጥ ስትታይ ይቆጠራል ወይ? ጥሩ ጥያቄ ነበር። 6ኛዋ መለሰችለት። የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት በ1981 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ወሰን አበጅቷል። ከፀሐይ በቀጥታ የሚመጣው ጨረር በካሬ ሜትር ከ120 ዋት ሲበልጥ ፀሐይ አለ ይባላል። ከዚያ በታች ሲሆን ብርሃን ቢኖርም አይቆጠርም። በቀላሉ ለመረዳት ጥላህን ተመልከት ትላለች። ጠርዙ የለየ ጥላ መሬት ላይ ከወደቀ ፀሐይ አለ።

7ኛው የሶላር ዕቃ የሚሸጥ ሰው ነው። ሁላችሁም ተሳስታችኋል አለን። በወሎ የፀሐይ ሰዓት በቀን 5 ወይም 6 እንጂ 9 እንዳልሆነ፣ ሥራው ስለሆነ ከማንም በላይ እንደሚያውቀው ጻፈ። 8ኛው ወዲያው ቆረጠው። ሻጮች የሚሉት ሰዓት ሌላ መለኪያ ነው። የቀኑ ጨረር በሙሉ ተደምሮ፣ ፀሐይ በካሬ ሜትር 1,000 ዋት እየሰጠች ብትቆይ ስንት ሰዓት ይሆን ነበር ብሎ የሚያሰላ ነው። የጠዋቱና የማታው ደካማ ፀሐይ እዚያ ውስጥ ተጨምቆ ይገባል። ስለዚህ ዘጠኝ ሰዓት ብራ የዋለ ቀን በሻጩ ቋንቋ ስድስት ሊሆን ይችላል። ሁለቱም እውነት ናቸው። ስማቸው ስለተመሳሰለ ብቻ ሰው ይጋጫል። አጻጻፉ ቁጡ ነበር። ገበሬ እንዲህ ባለ ቃል ተደናግሮ ለፓምፑ ያነሰ ሶላር ሲገዛ በዓይኑ ስላየ ይሆናል፤ እንደዚያ ብሎ ነው የጨረሰው። ሻጩ አልተቀየመም። ከዚህ በኋላ ለደንበኛ ለይቶ እንደሚያስረዳ ቃል ገባ።

9ኛውን መልስ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የጻፉት ጡረታ የወጡ የሜትሮሎጂ ታዛቢ ናቸው። የሠሩበትን ጣቢያ ስም አልጠቀሱም። በመድረኩ ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው እላለሁ።

ጋሼ መሣሪያውን ከነነፍሱ ገለጹት። ጠጣር የመስታወት ኳስ ነው። ስፋቱ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ስሙ ካምቤል ስቶክስ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1853 ካምቤል የተባለ ስኮትላንዳዊ የጀመረውን፣ በ1879 ስቶክስ አሻሻለው። ኳሱ ጨረሩን አንድ ነጥብ ላይ ይሰበስባል። ልጆች በማጉያ መነጽር ወረቀት እንደሚያቃጥሉት ማለት ነው። ከኋላው ሰዓት የተሰመረበት ካርድ ይገባል። ፀሐይ ስትወጣ ካርዱ ይቃጠላል። ዳመና ሲጋርዳት ቃጠሎው ይቋረጣል። ፀሐይ ስትሄድ ቃጠሎውም በካርዱ ላይ ይሄዳል። ኤሌክትሪክ የለው፣ የሚሽከረከር ጥርስ የለው። የሚሽከረከረው ምድር ነው።

ታዛቢው በየቀኑ ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ካርዱን ይቀይራል። ካርዱ ሦስት ዓይነት ነው። ረጅም ጎባጣ፣ አጭር ጎባጣና ቀጥ ያለ። እንደ ወቅቱ ይለዋወጣሉ፤ የየራሳቸው መግቢያም አላቸው። በተሳሳተ መግቢያ የገባ ካርድ ላይ ቃጠሎው ከጠርዝ ያልፍና ቀኑ ይበላሻል። ኳሱ ካልተወለወለ፣ መቆሚያው ውሃ ልኩን ካልጠበቀ፣ አቅጣጫው ትንሽ ከዞረ ቁጥሩ ይዛባል።

ከዚያ ንባቡ ይመጣል። ጋሼ ይህን ሲጽፉ እጃቸው ላይ ካርድ ያለ ይመስላል። ቀኑን ሙሉ ብራ ከሆነ ቀላል ነው፤ መስመሩን መለካት ነው። ፀሐይ ብልጭ ድርግም ስትል ግን ካርዱ ላይ ክብ ክብ ነጠብጣብ ይቀራል። ሁለት ወይም ሦስት ነጠብጣብ እንደ 0.1 ሰዓት ይያዛል። ከአራት እስከ ስድስት ያለው እንደ 0.2። ደንቡ ይኸ ነው። ይህን ደንብ ያልተከተለ ሰው እያንዳንዱን ነጠብጣብ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይለካና ሰዓቱን ያበዛዋል። ምክንያቱም ጠንካራ ፀሐይ ለአፍታ ብቻ ብትወጣ እንኳ ካርዱን ሰፋ አድርጋ ታቃጥለዋለች። በክረምት ዳመናና ፀሐይ ሲፈራረቁ መሣሪያው እውነቱን ወደ ላይ የሚስበው ለዚህ ነው። በሌላ በኩል ካርዱ በጤዛ ወይም በዝናብ ከራሰ ፀሐይ ወጥታም ቶሎ አይቃጠልም። በጠዋትና በማታ፣ ፀሐይ ከአድማስ 3 ዲግሪ ያህል እስክትርቅ ጨረሯ ካርድ አያቃጥልም። በቀን 24 ደቂቃ ገደማ፣ በወር 12 ሰዓት በዚሁ ይቀራል።

አንድ ካርድ የማንበብ ችግር ይህን ያህል መሆኑን አላውቅም ነበር። ከዚህ በኋላ 0.1 የሚል ቁጥር ሳይ የሰው ዓይን ይታየኛል።

10ኛው መልስ ክሩን አደፈረሰው። ጸሐፊው ታዛቢዎች ቤታቸው ተቀምጠው የትናንቱን ቁጥር ይገለብጣሉ ብሎ ደመደመ። ስለዚህ የወሎ መዝገብ ሁሉ ውሸት ነው፣ ስልካችን ላይ ያለው ይሻላል። ቃሉ ሻካራ ነበር። ሽማግሌ ባሉበት የሚጻፍ አልነበረም።

ጋሼ በ11ኛው መለሱ። ቁጣቸውን አልደበቁም። በሐምሌ ጨለማ፣ በዶፍ ውስጥ፣ ባዶ ካርድ ለመቀየር ስንት ማታ እንደወጡ ጻፉ። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ እንዳልወጣች እያወቁ ይወጣሉ። ባዶ ካርድም መረጃ ነውና። ያልቀየሩበት ቀን ካለ ሰረዝ ይጽፋሉ እንጂ ቁጥር አይፈጥሩም። የሚጠራጠር ሰው አንድ ወር ብቻ በየማታው 12 ሰዓት ላይ ወጥቶ እንዲያይ ነገሩት።

12ኛዋ የታዛቢ ልጅ ናት። አባቷ ሠርግ ላይ ሆነው ለካርዱ ተነሥተው ይሄዱ እንደነበር አስታወሰች። 13ኛው ሰው ሁሉንም በአብሽሩ ለማብረድ ሞከረ። አልበረደም።

10ኛው ጸሐፊ በ14ኛው ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ግን ስድብ ሳይሆን ማስረጃ ይዞ ነው የመጣው። ለመመረቂያ ጽሑፉ ከአንድ መሥሪያ ቤት የወሎ ጣቢያ ዳታ ወስዶ ነበር። በታኅሣሥ ውስጥ አሥር ቀን ተከታትሎ ዜሮ የፀሐይ ሰዓት ተመዝግቧል። በታኅሣሥ! ሰማዩ እንደ መስተዋት በሚጠራበት ወር። በዚያ ተናዶ ነው ሁሉንም ውሸታም ያለው።

ጋሼ በ15ኛው ረጋ ብለው ጻፉ። ካርድ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው፤ ሲያልቅ ጣቢያው ይጠብቃል። በእነዚያ ቀናት ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ሰረዝ ነው። ወረቀቱ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ አንድ ሰው ሰረዙን ዜሮ አድርጎት ይሆናል። ሰረዝ አልተለካም ማለት ነው። ዜሮ ተለክቶ ፀሐይ አልነበረም ማለት ነው። በቀን 9 ሰዓት ብንይዝ በአሥር ቀን 90 ሰዓት ፀሐይ በአንድ የቁልፍ ሰሌዳ ምት ጠፋ።

ልጁ በ16ኛው ይቅርታ ጠየቀ። ስለ ታዛቢዎች ያለውን መልሶ ወሰደ። ስለ ዳታው ያለውን ግን አልወሰደም። ትክክል ነው። እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። ዳታ የሚጠቀም ሰው ሁሉ ዜሮዎቹን ከወቅቱ ጋር ማስተያየት አለበት። በነሐሴ ዜሮ ያስኬዳል። በታኅሣሥ ተከታታይ ዜሮ ካየህ ወረቀቱን ፈልግ።

17ኛዋ የአየር ንብረት የምታጠና ልጅ ናት። ሁለቱ ከተሞች እንዴት እኩል ሆኑ ለሚለው የመጀመሪያ ጥያቄዬ መልስ የሰጠች እሷ ናት። ብዙ ነፃ የአየር ሁኔታ ገጾች ቁጥራቸውን ከመሬት ጣቢያ አይወስዱም። ምድርን በአራት ማዕዘን ከፋፍሎ ከሚያሰላ የኮምፒውተር ሞዴል ነው የሚወስዱት። ከታወቁት አንዱ የአውሮፓው ኢአርኤ5 ነው። የአንዱ አራት ማዕዘን ጎን 31 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ በመኪና መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። በአየር ግን ከ15 ኪሎ ሜትር አይበልጡም። አንድ አራት ማዕዘን ውስጥ ሊወድቁ ይችላሉ። ለሞዴሉ ሐረጎ የለም። ገደሉ የለም። ደሴና ኮምቦልቻ አንድ ሜዳ ናቸው፤ ከፍታውም የአራት ማዕዘኑ አማካይ ነው። ከታች የሚነሣው አየር ገደሉን ሲወጣ ቀዝቅዞ ጉም የሚሆንባት ያቺ ተማሪዬ የምታውቃት ጠርዝ እዚያ ውስጥ ተደፍጥጣ ጠፍታለች።

ይህን ለተማሪዋ ሳነብላት ሳቀች። እኔ ከኮምፒውተሩ በላይ አውቃለሁ ማለት ነው ብላ ጠየቀችኝ። ስለ ሐረጎ፣ አዎ።

18ኛው ሰው ጣቢያ ቢኖርስ የት እንደቆመ ጠይቁ አለ። ደሴ በምዕራብ የጦሳ ተራራ አለባት። ፀሐይ ከእውነተኛው ምሽት በፊት ከጦሳ ጀርባ ትገባለች። ሰማዩ ገና ብሩህ ነው፤ ካርዱ ግን መቃጠል አቁሟል። ፀሐይ በሰዓት 15 ዲግሪ ትሄዳለች፤ በእኛ አካባቢ ደግሞ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው። ስለዚህ ተራራው ከአድማስ 10 ዲግሪ ከቆመ 40 ደቂቃ ይወስዳል። መለኪያውም ከእጅህ አይወጣም። ክንድህን ዘርግተህ ቡጢህን ጨብጥ። ቡጢው 10 ዲግሪ ገደማ ይጋርዳል። አንድ ቡጢ ጦሳ በወር 20 ሰዓት ፀሐይ ነው።

በማግሥቱ ተማሪዎቼ በሙሉ ግቢ ውስጥ ቆመው ወደ ጦሳ ቡጢ ሲዘረጉ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ምን ነካቸው ብሎ መጣ። እሱም ዘረጋ።

19ኛው ይህን ተቃወመ። ተራራው የሰረቀው ፀሐይ የከተማው እውነት አይደለም ወይ፤ ደሴ ውስጥ የሚኖር ሰው ጦሳን ገፍቶ አይኖርም። 20ኛው በተቃራኒው፣ ከተሞችን ለማወዳደር ከተፈለገ የተራራው ጥላ ተለይቶ መውጣት እንዳለበት ተከራከረ። ያለበለዚያ የሚወዳደረው ሰማዩ ሳይሆን የጣቢያው ግቢ ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ልብስ የሚያሰጣ ሰውና የአየር ንብረት የሚያጠና ሰው የሚፈልጉት ቁጥር አንድ አይደለም።

21ኛዋ የረሳሁትን አመጣች። ተማሪዎቼ ጁላይን ሐምሌ፣ ዲሴምበርን ታኅሣሥ አድርገው ነው የጻፉት። ሐምሌ 1 ግን ጁላይ 8 ላይ ነው የሚውለው። ጁላይ የሚጀምረው ሰኔ 24 ነው። በወሎ ክረምቱ ጠንክሮ የሚገባው ሐምሌ ላይ ስለሆነ፣ ከሰኔ መጨረሻ አንድ ሳምንት መጨመርና ከሐምሌ መጨረሻ አንድ ሳምንት መቀነስ ወሩን ሌላ ወር ያደርገዋል። መምህር ሆኜ ይህን አለማየቴ አሳፈረኝ። የቤት ሥራውን በድጋሚ አሠራኋቸው።

ከ22 እስከ 25 ክሩ መንገድ ሳተ። አንዱ የባቲን ሰኞ ገበያ አንሥቶ ፀሐይ ማለት እዚያ ነው አለ። ሌላው ሐይቅ ላይ የሚታየውን ጀምበር። አንዷ ሁለታችሁም ቡና ጀባ በሉንና እንየው አለቻቸው። ከዚያ የ13 ወር ፀጋ የሚለው የቱሪዝም መፈክር መጣ። 25ኛው ጸሐፊ መፈክሩን ያወጡት የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ መሆናቸውን አስታወሰ። በእንግሊዝኛው ፀሐይ የሚለው ቃል በአማርኛው ፀጋ ሆኗል። 13ኛዋ ጳጉሜን አምስት ወይም ስድስት ቀን ናት፤ እሷም ብዙ ጊዜ በዝናብ ነው የምታልቀው። ጸሐፊው ቅሬታ አልነበረውም። አማርኛው ይበልጣል፣ ለገበሬ የጳጉሜን ዝናብም ፀጋ ነው ብሎ አለፈ።

26ኛው መልስ ሁላችንንም ዝም አሰኘን። ከቆቦ አንዲት እናት በልጃቸው ስልክ አስጽፈው ነው። በ77 ልጅ ነበሩ። ፀሐይ እንደዚያ ዓመት በዝታ አያውቅም። በልጉ ቀረ፣ ክረምቱም ቀረ። ጠዋት ስትወጣ የሚያያት ሁሉ ፊቱን ያዞር ነበር። ዳመና ያየ ሰው ጎረቤቱን ይጠራል። ከመንደራቸው የሄዱት ብዙ ናቸው፤ የተመለሱት ጥቂት። እናንተ ፀሐይ በዛልን ብላችሁ ስትፎካከሩ ልጄ አነበበልኝ፣ አልተቀየምኩም፣ ግን የዚያን ዓመት ፀሐይ የቆጠረ ሰው ካለ ንገሩኝ ነው ጥያቄያቸው።

ለአንድ ቀን ማንም አልጻፈም። እኔም ምን እንደምል አጣሁ። የተማሪዎቼን ሠንጠረዥ አወጣሁና ትልቁን ቁጥር አሸናፊ ብለው በቀይ ያከበቡትን አየሁ። ክቡን እንዲሰርዙት አደረግኩ። የፀሐይ ሰዓት ዝናብና ደረቅ ወቅት ሳይጻፍበት ብቻውን መቆም የለበትም።

ጋሼ በ27ኛው ለእማማ መለሱ። በዚያ ዘመን ክፍት በነበሩ ጣቢያዎች ካርዶቹ ተሰብስበዋል፣ ካልጠፉ ይነበባሉ። በድርቅ ጊዜ የነበረ ሰማይ የሚታወቀው በእነሱ ነው። ታዛቢው የቃጠሎውን መስመር ሲለካ ምን እየለካ እንደሆነ ያውቅ ነበር። ከዚህ በላይ አልጻፉም።

28ኛው ከቆቦ ጊራና ሸለቆ በመስኖ የሚሠራ ባለሙያ ነው። ቁጥሩ ለምን እንደሚያስፈልግ በደንብ ያሳየን እሱ ነው። ሽንኩርት በቀን ስንት ውሃ እንደሚጠጣ ለማስላት የጨረሩ መጠን ያስፈልጋል። ጨረር የሚለካ መሣሪያ በየቦታው የለም። ስለዚህ ከፀሐይ ሰዓት ይገመታል። ስሌቱን በ1924 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ኦንግስትሮም የሚባል ስዊድናዊ ጀመረው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) በዚያው አቆጣጠር በ1998 ባወጣው መመሪያ ውስጥም አለ። ፀሐይ ጨርሳ ካልወጣች ከከባቢ አየር በላይ ካለው ጨረር 25 በመቶው፣ ቀኑን ሙሉ ከወጣች 75 በመቶው መሬት ይደርሳል ተብሎ ይያዛል። መካከሉ በሰዓቱ ልክ ነው። ታዲያ ሰረዙ ዜሮ ሆኖ የገባበት ታኅሣሥ ምን ያደርጋል? ሽንኩርቱ ትንሽ ውሃ ይበቃዋል ይላል። ገበሬው ያንን አምኖ ካጠጣ ማሳው ይጠማል። የ14ኛው ልጅ ቁጣ እዚህ ላይ ገባኝ።

29ኛው ሶላር ሻጩ ነው። ቆቦ ሞቃት ስለሆነች ሶላር በደንብ ይሠራል ብሎ ሲያስብ ኖሮ፣ የፓነሉ ሙቀት ከ25 ዲግሪ ባለፈ ቁጥር በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 በመቶ ያህል ኃይል እንደሚቀንስ ከአንድ ደንበኛ መማሩን ጻፈ። እኩል ፀሐይ ቢወጣ የደሴ ብርድ ለፓነል ይመቻል። የሆጤው ልጅ ይህን አይቶ ለኮምቦልቻው ሰው ሳያሳይ አላደረም።

በ30ኛው ላይ እኔ ገባሁ። ያሰብነውን ጻፍኩ። ከመስከረም 1 ጀምሮ ተማሪዎቼ ደሴ ላይ ዱላ ያቆማሉ። ከ12 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት በየግማሽ ሰዓቱ ያዩታል። ጠርዙ የለየ ጥላ ካለ አንድ ጭረት። ከሌለ ባዶ ክብ። ፀሐይ ከጦሳ ጀርባ የገባችበት ደቂቃ ለብቻው ይጻፋል። ወሩ በእኛ አቆጣጠር ይያዛል፤ ከጎኑ የፈረንጁ ቀን ይሰፍራል። ኮምቦልቻ ላይ ግን ሰው አልነበረንም።

31ኛው መልስ ከ1ኛው ጸሐፊ መጣ። ኮምቦልቻ ያለው ቤቱ ጠፍጣፋ ጣሪያ አለው። ሁለት ልጆቹ በፈረቃ ይይዙታል። ዱላው ስንት ሜትር ይሁን ብሎ ጠየቀ። የሆጤው ልጅ በ32ኛው፣ ከደሴው ጋር እኩል እንዲሆን እኛው ቆርጠን እንላክለት አለና ጨቅጫቃው ክርክር በዚሁ አበቃ። ሁለቱን ዱላዎች ከአንድ ባሕር ዛፍ ቆርጠናቸዋል። የደሴን የመጀመሪያ ሳምንት የምትይዘው ያቺ የጠየቀችኝ ተማሪ ናት።

33ኛው፣ እስካሁን የመጨረሻው፣ የጋሼ ነው። ለልጆቹ አንድ ነገር ብቻ አደራ አሉ። ክፍል ገብተው ወይም ታመው ዱላውን ሳያዩት ያለፈ ግማሽ ሰዓት ካለ፣ ባዶ ክብ እንዳያደርጉበት። ሰረዝ ያድርጉ።